ሲጨብጡት ድንጋይ

አፉላ ዘነበ፤ ግቢው ጭቃ ሆነ፣
ሸርተቴው ረጠበ፣ በሩ ተከደነ።
አምስት ልጅ፣ አንድ ሳሎን፣ አንዲት እኔ፤
ገና ከጠዋቱ ሁለት ተኩል፣ ወይኔ!

ምንጣፉን ጠቀለልኩ፣ ላስቲክ አነጠፍኩ፣
በዳይፐር አስቀርቼ ልብሳቸውን ሰበሰብኩ፤
የበቆሎ ዱቄት በውሃ በጥብጬ
ሰፊውን ሳፋ መሃል አስቀምጬ
«ጨዋታው እዚህ ነው፤ ከላስቲኩ አትውጡ»
አልኳቸው።
ወጡ።

ኖጋ ፀጉሯን ቀባች፣ ሔመድ ክርኑን ላሰ፣
መንትዮቹ ሳፋውን ተጓተቱ፣ ግማሹ ፈሰሰ፤
ከሶፋው እግር እስከ ፍሪጁ በር
ነጭ መዳፍ በነጭ መዳፍ ላይ ሲደረደር
ይናይ ብቻ ቆሟል ከዳር፣
ወንዝ እንደሚሻገር ሰው እጆቹን ሰቅሎ፣
አይንካኝ ብሎ።

አልጎተትኩትም። አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣
ከሳፋው አንድ እፍኝ ጨለፍኩ።
«እይማ፤ ሲጨብጡት ድንጋይ፣ ሲለቁት ወተት።»
ጨበጥኩ። ለቀቅኩ። ወረደ በጣቶቼ ክፍተት።
የራሴው ልጅ ድቅን አለ ዓይኔ ላይ፤
አሥራ ስድስት ዓመቱ፤ አጥብቄ ስይዘው፣ ድንጋይ።

ይናይ አንዲት ጣት አወረደ፣ ትንሿን።
ነካ። ሸሸ። ደግሞ ነካ።
ቀሚሴ ላይ ጠረጋት፣ ጣቱን።

ቀትር ላይ ተኙ። እርጥቡን አልፈተግሁም፤
ሲደርቅ ዱቄት ነው፣ ለመጥረጊያ አይከብድም።
ከዚያ ባልዲ፣ ስፖንጃ፤ ነጩን ውሃ እየገፋሁ
በበረንዳው ቀዳዳ ወደ ዝናቡ ላክሁ።

እናቱ አሥር ሰዓት መጣች፣ ኮቱን ልታለብሰው።
እጅጌውን ስታሳልፍ ጥፍሩ ሥር ነጭ አየች።
«ነካው» አልኳት።
ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤
«በየትኛው ጣት?»