የገቢ መዝገብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ስጠብቅ ኖርኩ፤
«ገባ»፣ «ዘገየ»፣ «አልገባም» እያልኩ ጻፍኩ።
ሐዲዱ ዝጎ ጡረታ ሲያወጡኝ፣
ከደብዳቤው ጋር ግማሹ ያልተሞላ መዝገብ ሰጡኝ።

ባዶ ገጽ ያሳክከኛል።
ከአሸዋ ገበያ አምስት ዶሮ ገዝቼ መጣሁ፣
በየጣቢያው ስም አወጣሁ፦
ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ አዲጋላ፣
ደወሌ የሁሉም ኋላ፤
ጥቁር፣ አንገተ መላጣ፣
ስትጠራ የማትመጣ።

መጋቢት ደህና ነበር፤ በቀን ሦስትም አራትም ገባ፤
ሚያዝያ ላይ ሳሳ። የድሬ ግንቦት ሲጠባ
የደቻቱ አሸዋ ጋለ፣ ቆርቆሮው እሳት ሆነ፣
አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፣ ክንፋቸው ተበተነ።
በሳምንት አንድ እንቁላል፤
እሱም ቅርፊቱ የሲጋራ ወረቀት፣
ሳነሳው ፈረሰ፣ አስኳሉ ወረደ በጣቶቼ መካከል።

እንደ ልማዴ ጻፍኩ፦ «ሁርሶ አልገባችም። አፍደም ዘገየች።
ደወሌ ጭራሽ አልታየች።»
ቢላዋም ስያለሁ፣ አልዋሽም።
«እንቁላሉ ካልገባ ዶሮዋ ድስት ትገባለች!»
ብዬ ስፎክር ሂንዲያ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፣
ለፍየሎቿ ገራባ እንደታቀፈች።

«አቦ ተው! አንተ ስድስት ሰዓት ላይ ምን ትሠራለህ?»
«ምን እሠራለሁ፣ ሽርጤን አገለድማለሁ፣
ወለሉን ውሃ ረጭቼ እጋደማለሁ።»
«እሷስ? ላባዋን የት ታውልቀው?
ሆዷ እየነደደ እንቁላሉን እንዴት ትጣለው?»

አፈርኩ። የባቡር ሰው አይደለሁ?
የጋለ ሞተር በዱላ እንደማይነሳ አውቃለሁ።

በማግስቱ ቤታቸውን ከግድግዳው ነቅዬ ኒሙ ሥር አስገባሁ፤
ጆንያ ነክሬ በነፋሱ በኩል መጋረጃ ሠራሁ፤
የጣሳውን ፍል ውሃ ደፍቼ በገንቦ ስባሪ ቀዳሁ፤
ጥሬውን ለንጋትና ለምሽት ከፈልኩ፣ በቀትር ከውሃ በቀር አልሰጠሁ።
የበላነውን እንቁላል ቅርፊት ቆልቼ ወቀጥኩ
(«ሳትቆላ ከሰጠሃቸው የራሳቸውን ይለምዳሉ» ብላኛለች ሂንዲያ)፣
ከኖራ ድንጋይ ብናኝ ጋር ደባለቅኩ።
የዚህ አገር ድንጋይ ሲሚንቶ ሆኖ ፎቅ ካቆመ፣
ለአንዲት እንቁላል ግድግዳ ምን ደከመ?
የምልክት ፋኖስ የተቀመጠበት ሳጥን ጭድ ተነጠፈለት፣
ጨለም ያለ ጥግ፣ የምትጥለዋን ማንም የማያይበት።

ይርገዱ በመስኮት ታየኛለች፤
«ስድስት ስወልድልህ ይህን ሁሉ አላየሁም» አለች።

በዘጠነኛው ቀን ሁርሶ።
በአሥረኛው ማንም የለም።
ከዚያ ኤረርና አፍደም ባንድ ጠዋት።
ቅርፊቱን በጥፍሬ መታሁት፦ ጠጠር፤ ድምፅ አለው። ጻፍኩት።
አዲጋላ ሁለት ቀን ገብታ ደግሞ አቋረጠች፣
ሙቀቱ ይሁን እርጅናዋ፣ እንጃ።
ደወሌ እንዳፈነገጠች።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሂንዲያ በሩን አንኳኳች፣
ሻሿን ቋጥራ፣ በሳቅ እየተንከተከተች፦
«ኮንትሮባንድ ይዣለሁ!»
ከፍየሎቹ ጋጣ፣ ከገራባው ክምር ሥር፣ ከቀዝቃዛው፣
አሥራ አንድ እንቁላል፤
አንዲት ጥቁር ላባም አለች፣ ማስረጃው።
ድንበር ላይ ባለ ጣቢያ ስም ሰጥቼ
አጥር ተሻገረች ብዬ እንዴት ልቆጣ?
ውሃ ውስጥ ነከርናቸው፤ አራቱ ተንሳፈፉ፣
ሰባቱ ከባልዲው ግርጌ አረፉ።
ሂንዲያ «ቀረጥ» ብላ ሦስቱን አነሳች፣
የቀሩትን ለይርገዱ ቆጠረች።

ማታ መዝገቡን ገለጥኩ።
አርባ ቀን ሙሉ «ደወሌ አልገባችም» ይላል፣ በእጄ ጽሕፈት።
አልሰረዝኩትም፤ መዝገብ አይሰረዝም።
ከጎኑ ጨመርኩበት፦
«ገብታለች፣ ጥላ ባለበት መስመር።
የዘገየው ጣቢያው ነበር።»