ጳጉሜን አያውቅም

ላይብረሪ ይሉታል፤ መደርደሪያ የለው፣ አቧራ የለው፣
«ድምፅ ቀንሱ» የሚል ዘበኛ የለው፤
የዘንዶ ስም ባለው ቋንቋ ሆድ ውስጥ ያደረ
የማላውቀው ሰው ድካም ነው፣ በነጻ የተቸረ።
«አስገቢው፣ ጥሪው፣ ይሠራልሻል» አሉኝ።
አመንኩ። ማመን ቀላል ነው፣ መብራት እስኪጠፋ።

ኪቶ ፉርዲሳ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ዘጠና ሰባት ከመቶ ወርዶ፣ ጠፋ መብራት።
ጄኔሬተሩ ሁለቴ አሳለና ተወው፤
የቀረውን ሦስት ከመቶ ጨለማው ዋጠው።
በማግስቱ ነጂብ ከፈረንጅ አራዳ በፍላሽ አመጣ፣
«ሁሉም አለበት» ብሎ፤ ሁሉም ከነጣጣው መጣ።
አንዱን ሳድስ ሌላው ያኮርፋል፣
ሌላውን ስለምን ሦስተኛው ይጠፋል፤
እንደ ተቀያየመ የዕድር ሰው፣
አንዱ ያለበት ድንኳን ሌላው አይገባም።
የስሕተቱ መልእክት አርባ መስመር ነው፣
ቁም ነገሩ ግን መጨረሻው ላይ ነው፤
ይህን ለማወቅ ብቻ አንድ ሴሚስተር ከፈልኩ።

ሥራዬ ዝናብ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት
አባመጫ የሚባሉ ሰው ሰቃ ላይ የመዘገቡት፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በባለ አደባባዩ ደብተር፣
አንዳንዱ ገጽ ላይ የጠብታው ጠባሳ ከነቁጥር።

ገልብጬ ሰጠሁት። ጥቅምት ሠላሳን «ሐሰት!» አለ፣
«ሁለተኛው ወር ሠላሳ ቀን የት አለ?»
ጳጉሜንንም አላወቃትም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ
ዝም ብሎ ጣላት፣ ሳይጠይቅ፣ ሳይለይ፤
መቶ ስልሳ ሁለት ቀን፣ ዝናቡም ጭቃውም፣
በእኛ ሰማይ ዘነበ፤ በእሱ ሰማይ አልነበረም።
«ከቀኑ ዘጠኝ ጀመረ» ያሉትን ነጎድጓድ
ወደ ኋላ ጎትቶ ጠዋት ላይ አስቀመጠው በግድ።

መመሪያውን አነበብኩ፤ ምሳሌው ሁሉ የሰው አገር ነው፣
አበባው እንኳ ስሙን የማላውቀው።
ጸሐፊዎቹን አልወቅስም፤ ደጎች ናቸው፣
የእኛ ሰዓት ግን በየት በኩል ይድረሳቸው?

ከሁሉ የባሰው ባዶው ነበር፤
አንድ ሐምሌ ላይ፣ አሥራ ሰባት ቀን ያለ ቁጥር።
ላይብረሪው ባዶ አይወድም፤ «ልሙላው?» አለኝ፣
አንዲት ቃል ብጽፍለት በዜሮ ሞላልኝ።
ሥዕሉ አማረ። መስመሩ ሳይቆረጥ ወረደ።
«ይኼማ ድርቅ ነው!» አሉ ዶክተር ሽመክት፣
የወርቅ ማዕድን እንዳገኘ ሰው።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ሰቃ ወረድኩ።
አባመጫ መነጽራቸውን በክር አስረዋል፤
ባዶውን ገጽ በጣታቸው ዳሰሱት፣
እንደ ድሮ ቁስል፣ ቀስ ብለው።
«ልጄ፣ ይኼማ ድልድዩን ጎርፍ የበላው ጊዜ ነው፤
መለኪያውንም ከነእግሩ ነቅሎ የሄደው።
ባዶ የተውኩት ዝናብ ስለጠፋ አይደለም፤
ሞልቶ ስለፈሰሰ ነው። ለዚያ ቁጥር የለኝም።»

ስመለስ በመንገዱ ሁሉ ዜሮዎቹ አፍጥጠውብኝ ነበር፣
አሥራ ሰባት የተከፈተ አፍ፣ አንዱም ማይናገር።
ማታውኑ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፤
ባዶውን «ባዶ» አልኩት፣
ዳር ላይም «ጎርፍ» ብዬ ጻፍኩ፣ ማሽኑ ባያነበውም።

ከዚያ አሥራ ሦስት ወር የሚቆጥር፣ ቀኑን ከንጋት የሚጀምር
ትንሽ ኮድ አበጀሁ፣ አርባ ምናምን መስመር፤
ስሙንም አባመጫ አልኩት። ጎበዝ አይደለም፤ ይዘገያል፣
በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ላይ ይደናቀፋል።
ነጂብ በፍላሽ ወሰደው፤ «አዲሱ እትም ሲመጣ
ይሠራል?» አለኝ።
እኔ እንጃ።

አዌቱ ቡናማ ሆኖ ከድልድዩ ሥር ይወርዳል።
የጎረቤት ልጆች ራቁታቸውን ደጅ ወጥተው ይንጫጫሉ፤
ጳጉሜን ሦስት ነው፣ የሩፋኤል ዝናብ ነው።
ጻፍኩት።