ገና ያልተሳለ ተራራ

ነጩን ጋዋን ሰቅዬ፣ መድኃኒት ቤቱን ቆልፌ፣
የቧንቧ ውሃን ዳገት ጉም በጉም ሆኜ አልፌ፣
አራጋው ቤት እገባለሁ፤ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ወንበር፣
ግድግዳው ላይ በከሰል፦ «ዱቤ የለም። አንድ ጨዋታ አስር ብር።»
አንደኛው ጆይስቲክ ግራ ጆሮው ተሰብሮ፣
እኔ ባመጣሁት የቁስል ፕላስተር ታስሮ።

መጀመሪያ ኳስ ነው። እሱ የሁሉም ነው፣ ግዴታ።
ምስባህ፣ የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ አምስት ለባዶ የሚረታ፣
«እቱ፣ አንቺ ኳሱን ታስቢዋለሽ» ይለኛል፣ «እኔ አላስብም።»
ልክ ነው። ስለ ኳሱ ግን ብዙ አልልም፦
ዳኛው ማንንም አይፈራም፤ ሣሩ አይጨቀይም፤
ተመልካቹ አንድ ፊት ነው፣ ሺህ ጊዜ የተባዛ፣
ጎል ሲገባ አብሮ ይነሣል፣ አንድም ሰው ቆሎ ሳይገዛ።

በስልኬ ደግሞ እርሻ አለኝ። ሃያ ስምንት ቀን ነው ወሩ።
ዝናቡ ቀጠሮ ያከብራል። አይነቅዝም ዘሩ።
ዱባ በአራት ቀን ይደርሳል። ላሟ ስትዳበስ ልብ ታወጣለች
ከቀንዷ በላይ፣ ቀይ፣ ትንሽ፤ ከዚያ ወተት ትሰጣለች።
አባቴ፣ የተሁለደሬ ገበሬ የነበረ፣ መነጽሩን አድርጎ አየና፣
«ግብሩስ?» አለ። «ማዳበሪያውስ?» ፈለገ፣ አጣና፣
«ይሄ እርሻ አይደለም ልጄ፣ ይሄ ዱዓ ነው» አለኝ።
ስልኩን ግን እስከ መግሪብ አልመለሰልኝ።

ተኩሱን ትቼዋለሁ። ወንድሜ አንዋር ግን አልተወም፤
«ጨዋታ እኮ ነው» ይላል። አይደለም አላልኩትም።
ምስሉ ይደነቃል፤ ግንብ ሲላጥ፣ አሸዋ ሲበን፣
የጥላው ርዝመት ከፀሐይዋ ጋር ሲመዘን።
ድምፁን ነው የሳቱት።
በዚያ ጥቅምት ቀድሞ የጠፋው የውሻ ጩኸት ነበረ፤
ከዚያ የጎረቤታችን በር፣ እንደተቆለፈ፣ ሲንቀጠቀጥ አደረ።
ይህን የሠራ ሰው ውሻ አላስገባበትም።
አንዋርም ያውቀዋል። ድምፁን ዘግቶ ነው የሚተኩስ፤
አይቻለሁ ከኋላው ቆሜ። አልጠየቅኩትም እስካሁን ድረስ።

አሁን የያዝኩት ሌላ ነው። ጠላት የለበትም፣ ሰዓት የለበትም፤
ደብዳቤ የያዘች አንዲት ሴት፣ ተራራ፣ ጉም። ገና አልጨረስኩትም።
ትደክማለች፣ ትቀመጣለች፣ ጫማዋን ታራግፋለች፤
ክቧን ቁልፍ ስጫን ታፏጫለች።
አራጋው ጆሮዬ ሥር መጥቶ ምስጢሩን አፈረሰው፦
«ጉሙ ውበት እንዳይመስልሽ፤ የማሽኑ አቅም ነው የሚያንሰው።
ሩቁን ተራራ አልሳለውም ገና። አንቺ ስትቀርቢ፣
ድንጋይ በድንጋይ ይደረድረዋል፣ አንቺ ሳታስቢ።»

መብራት ሄደ። ሁላችንም ባንድ አፍ «ኤጭ!» አልን።
ሴቭ ካደረግሁ አርባ ደቂቃ፤ ሴትዮዋ የት እንደቀረች ማን ይንገረን?
ምስባህ ብቻ ከወንበሩ አልተነሣም፤
የሞተውን ቁልፍ ይጫናል፤ ጣቱ ገና አልሰማም።

ወጣሁ። የፒያሳ መንገድ እስከ ሁለተኛው ምሰሶ ብቻ ነው ያለ፤
ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ባጃጅ ከምንም ውስጥ ብቅ አለ፣
ባንድ ዓይን መብራት፣ ታርጋው ሳይነበብ፣ ተመልሶ ምንም ሆነ።
ጦሳን ቀና ብዬ ፈለግሁት። የለም። ገና አልተሳለም።
ሃያ ስድስት ዓመት ከሥሩ ኖሬ እንዲህ አላየሁትም።
ትንሽ ወጣ አልኩ ወደ ዳገቱ፣ እንዲያው ለሙከራ፤
ደረጃ መጣ። የቆርቆሮ አጥር መጣ። ፍየል መጣች ከነካስማዋ፣ ተራ በተራ።
ቆምኩ። እነሱም ቆሙ።
ከኋላዬስ? ያለፍኩት ሁሉ ተሰርዞ ይሆን?
ዞሬ አላየሁም።

ከታች ምስባህ ተጣራ፦ «እቱ! መብራት መጣ!»
ሴትዮዋ ዛሬም ከድልድዩ ሥር ናት፤ ዳገቱን እንደ አዲስ ልትወጣ።