ደብተር ቁጥር ሠላሳ አንድ

ከሁዮን ወንዝ ማዶ፣ ታዝማኒያ ደሴት፣
ዴስመንድ የሚባል አለ፣ ፖም ሲለቅም ያረጀ ባባቱ መሬት።
ሸሚዝ የማይወድ፣
ጀርባውን ለፀሐይ ያበደረ ሰው ነው፣ ያውም ያለ ወለድ።
ፀሐይ ግን ከፈለች፣ አትወድም ዕዳ፤
ሳንቲም በሳንቲም፣ ቡናማ በቡናማ፣
ጠቃጠቆ ዘራች ከትከሻው ጫፍ እስከ ወገቡ ሜዳ።

ቬርና ሚስቱ ናት።
የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበረች፣ ቁጥር የማያመልጣት፤
ወንድሟን በወጣትነቱ የቀበረች፣
በአንዲት ጥቁር ነቁጥ ሰበብ፣ ማንም ከቁብ ባልቆጠራት።
ከዚያ ወዲህ ፈራች። ከዚያ ወዲህ ጻፈች።

በየመስከረሙ፣ ፖሙ በነጭ ሲያጌጥ፣
ከመስኮቱ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ «አንተ ሰው፣ አትቁነጥነጥ!»
ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ የሒሳብ ደብተር፤
ገጹ ላይ የጀርባ ሥዕል፣ በየነቁጡ ቁጥር።

በቁጥር ብቻም አልቀረም፤ ስም ያወጣችላቸው አሉ፦
ከአንገቱ ሥር ጉብ ያለችው «አክስት ሚልድረድ» ናት፣
ለምን እንደሆነ ዘመዶች ባይጠይቁ ይሻላሉ።
ተከታትለው በጎኑ የወረዱት ሦስቱ «ደረጃ»፤
ትከሻው ላይ የተረጨው፣ የጫጉላቸው ሰሞን ማስረጃ፤
ያን ቀን ባሕር ዳር ተኝቶ ረስታው ነበር።
ከብብቱ በታች ደግሞ አንዲት አለች ድብቅ፤
«ማርያም ስማው ነው» እንል ነበር እኛ፤
ቬርና ግን ሳሚዋን ታውቃለች፤ የራሷን ከንፈር ማን ይጠይቅ?

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ያልተመዘገበች ተገኘች።
ቬርና እርሳሱን አስቀመጠች፣ ባርኔጣዋን አነሳች፣ መኪና አስነሳች።
እስከ ሆባርት ድረስ ሁለቱም ዝም።
ሐኪሟ በአጉሊ መነጽር አየችና «ምንም አይደለም፤
ዕድሜ ነው፤ ክፋት የላትም።»
ስትመለስ መንገድ ዳር አቁማ አለቀሰች፤
ቀጥላም ተናደደች፣ ስለ ቤንዚኑ ነገር፤
ማታ ግን ጻፈች፦ «ሁለት መቶ አሥራ አራት። እንግዳ። ገር።»

ዘንድሮ ዓይኗ ደከመ። መሐሉ ጠፋ፣ ጠርዙ ቀረ።
እሱ ግን ሳትጠራው መጣ፤ ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ።
በጣቷ ፈለገችው።
አክስት ሚልድረድ ጉብ ብላ ጠበቀቻት፤
ደረጃውን ወረደች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ዘገየባት፤
ጠቃጠቆው ግን የለም።
ጠቃጠቆ ጉብታ የለው፤ ጣት የሚያነበው አይደለም፤
ለእጅ፣ ያ ሁሉ ጽሑፍ ባዶ ብራና ነው፤
አይዳሰስም ቀለም።

እሱ ዓይን አለው፤ ግን ማን የገዛ ጀርባውን ያያል?
ሰባ ስምንት ዓመት የተሸከመውን ደብዳቤ፣
አድራሻውን እንኳ መች ያውቃል።

ታሊያ፣ የልጅ ልጃቸው፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ጠቃጠቆው ይለቅ ብላ ሎሚ ሲጠጣ የሚያነጋ ፊቷ፣
ከበር ቆማ አየች።
ያለፈውን ዓመት ደብተር አነሳች፤ «እኔ ላንብብልሽ» አለች።

«መቶ ሦስት?»
«አለ።»
«መቶ አራት?»
«ፈዝዟል፣ ግን አለ።»
«መቶ አምስት?»
ልጅቷ ወደ ቆዳው ተጠጋች፣ ወደ ገጹ ተመለሰች፣ ሳቋ አመለጣት፦
«‹ምናልባት ማርማላታ ነው፤ ከርሞ ይታይ› ይላል።»
«እና?»
«ማርማላታ ነበር።»
ቬርና በእጇ ሰረዘችው፣ ቀና ብላ፣ በኩራት።

ሎሚዋ በግማሽ ተቆርጣ ከመታጠቢያው ጠርዝ ቀርታለች፤
ረስታት ይሁን ትታት እኔ አላውቅም፤
ምሳ ሰዓት አልፎ ደርቃለች።
«በረደኝ፤ ስንት ቀረን?» አለ ዴስመንድ፣ አንገቱን ሳያዞር።
«ብዙ» አሉት ሁለቱም፤
«ደግሞ ዝም በል፤ ስታወራ ይንቀሳቀሳል ቁጥር።»