ፌርማታ

የባጃጅ መካኒክ ነኝ፤ እጄ ግራሶ ያወቀ፣
ሞተር ሲያስል የምሰማ፣ ካንዴላው ከጨቀየ፣ ከወደቀ።
ፈረስማ ከየት አውቄ?

አንድ ሌሊት፣ መብራት ኃይል ማዶ፣ አስፋልቱ አካፋይ ላይ
ቆሞ አገኘሁት ቦራን፤ የሲኖ መብራት ሲመታው
ዞር እንኳ የማይል፣ የማያይ።
ጌታው ጋሪውን ሸጦ፣ ጎማውን ለብቻ ሸጦ፣
እሱን ግን የሚገዛ አጥቶ፣
«ሂድ» ብሎታል። ሂድ ማለት ለፈረስ
እዚያው መቆም ነው፣ ሌላ ትእዛዝ እስኪደርስ።

ጎትቼ ወሰድኩት። ጋራዤ ጀርባ፣ ካረጀ ጎማ ክምር ጎን
አስሬ አየሁት፤ ቁልፉ የት ነው? የቱ ጋ ነው ፍሬን?
ዘይቱን የምለካበት ዘንግ የለው፣
የተሠራበትን ዘመን የሚነግረኝ ሊብሬ የለው።

ጋሽ ሁሪሳ በማግስቱ መጡ፤ አርባ ዓመት ጋሪ የነዱ።
ሳቁ መጀመሪያ። ከዚያ ዝም አሉ።
ከንፈሩን በአውራ ጣት ገልጠው፦ «ሊብሬው ይኸው» አሉኝ፣ ጥርሱን አሳይተው፤
«አሥራ ስምንት ግድም ነው።
ከኋላው አትምጣበት፤ እዚያ ዓይን የለውም።
በግራ ትከሻው ና፤ ድምፅህ ይቅደም እግርህን፣
ምን ላውራ ካልክ የፈለግከውን፤ የዱቤ ደብተርህን፣ ችግርህን።
ጆሮውን ወደ ፊት ከቀሰረ ይሰማሃል፣
ወደ ኋላ ካጣበቀው ሽሽ ልጄ፣ ይነክስሃል።»

«ካቻቢቴህን አምጣ» አሉ ደግሞ።
እጃቸው ከትከሻው ወረደ፣ በእግሩ ጀርባ፣ ቀስ እያለ፣
ጅማቱን ጫን ሲያደርጉት ኮቴውን አነሣ፤ እሺ አለ።
ከተረከዝ ወደ ጫፍ ፋቁት፦ ጭቃ፣ ጠጠር፣
የጠርሙስ ስባሪ፣ አንድ የቢራ ቆርኪ።
ቆርኪውን መዳፌ ላይ አኖሩት፣
ምንም ሳይሉኝ።

ጀርባው ገጣባ ነበር፤ የጋሪው ጠፍር የላጠው።
ለብ ባለ ጨው ውሃ ሳጥበው
ቆዳው ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ግን ንቅንቅ የለ።
ሦስት ወር ምንም አልጫንኩበት። ውሃው ከእህሉ ቀድሞ፣
ፉርሽካው ርሶ፣ ድርቆሹ ሻጋታው ተለቅሞ።
ጠዋት ጠዋት ብሩሽ። የአዳማ ነፋስ ነው መቼም፣
እኔ ሳራግፍ እሱ ሲያለብስ፣
አንዳችንም አልተሸነፍንም።

ጥቅምት ሲገባ ጋሽ ሁሪሳ ከቦኩ ኮርቻ ተውሰው መጡ።
«ጠፍሩን አጥብቅ፤ ታገሥ፤ እንደገና አጥብቅ። ሆዱን ነፍቶ ይዋሻል፣
ሲተነፍስ ይላላል፣ ያንተም ግንባር አስፋልት ይቀምሳል።
እርካቡን በጣቶችህ ሥር ርገጥ፤ ዓይንህ በጆሮው መሐል ይሻገር፣
ዛቡን ያዘው እንደ ልጅ እጅ፣ ሕፃን መንገድ እንደምታሻግር።»

ወጣሁ። ለካ ከፍ ያለች ናት አዳማ!
አጥሩ ሁሉ ዝቅ አለ፤
የጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ አንድ የጠፋ ጫማ አየሁ።
ሶምሶማ ሄደ። ኮራሁ።
ፖስታ ቤቱ ጋ ስንደርስ፣ ሳላዘው፣ ቆመ።
በተረከዜ ነካ ባደርገው፣ «ቼ!» ብል፣ አፌ ደከመ።

ጋሽ ሁሪሳ ከኋላ፣ ከባጃጅ አንገታቸውን አውጥተው፦
«ውረድ!» አሉኝ። «የሚወርድ ሰው እኮ ነው የሚጠብቀው።»
ወረድኩ። እግሬ መሬት ሲነካ በአፍንጫው ረጅም ተነፈሰ።
መልሼ ወጣሁ። ሄደ።
ሆስፒታሉ በር ቆመ፤ ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ሄደ።
ገበያው ማዞሪያ ቆመ፤
ደንበኞቼ ክላክስ እየነፉ ሳቁብኝ። ወረድኩ።

መጨረሻ ላይ ለገሃር።
ሐዲዱን ሣር ውጦታል፤ የትኬቱ መስኮት በሳንቃ ተመቷል።
እዚህ ግን ብወርድም አልሄደም፤
ሁለት ጆሮውን ወደ ድሬዳዋ ቀስሮ
ይጠብቃል።
ጋሽ ሁሪሳ ባጃጁ ውስጥ ኮፍያቸውን አወለቁ፤
ሒሳብ ክፈሉ ሲባሉ አልሰሙም።

ጠፍሩን ሁለት ቀዳዳ አላላሁለት።
በግራ ትከሻው በኩል ቆሜ
ስለ ዱቤ ደብተሬ አወራሁት፣
ማን እንዳልከፈለኝ፣ ስንት ወር እንደሆነው።