ተሳፋሪ ዘገየ

እናቴ ስም ስታወጣ «ዘገየ» ነው ያለችኝ፤
አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃ ነው ያገኘችኝ።
እኔ ግን ስሜን አልወጣሁም፤
ሃያ ሰባት ዓመት ዊኒፔግ ላይ አውቶብስ ነዳሁ፣ አንድ ቀን አልዘገየሁም።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ገብቶ፣ መስታወቱ በበረዶ ሲነጣ፣
ሰው ሰዓቱን የሚሞላው በእኔ ነበር፣ አውቶብሴ ሲመጣ።
ሮጦ የደረሰ ቢኖር፣ በሩን በጓንቱ ቢመታ፣
«ሰዓት ነው» ብዬ እነዳለሁ፤ የለኝም የአፍታ ፋታ።
አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች፣ ፖርቴጅ መንገድ ላይ፣
ወተት በክንዷ ታቅፋ፣ በጎን መስታወቴ እያነሰች ስትታይ።

ጡረታ ስንወጣ ስንዱ አለች፦ «ባሕር አሳየኝ፤
ሐይቅ አይደለም፤ ባሕር፣ ማዶው የማይታየኝ።»
ልጃችን ናሆድ ትኬት ቆረጠ፤ ሊዝበን፣ በቶሮንቶ አድርጎ፤
«መቀየሪያው ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው፣ ይበቃል» አለን ፈገግ ብሎ፣
በራሱ እግር ለክቶ።

ስንዱ ስሟን ትመስላለች፤
የግፊቱን፣ የስኳሩን ኪኒን በሳምንት ሳጥን ደርድራለች፣
ፓስፖርቶቹን ከቀሚሷ ሥር በሰፋችው ኪስ ከታለች፣
እግር እንዳያብጥ ጠባብ ካልሲ ለሁለታችንም ገዝታለች።

አውሮፕላኑ ግን ገና ሳይነሳ፣ ክንፉን ሊታጠብ ቆመ፤
አረንጓዴ ፈሳሽ እየተረጨ፣ በረዶው እስኪለቅ ከረመ።
ሃምሳ አምስቱ ሠላሳ ሆነ፤ ሠላሳው ሃያ ስድስት፤
ቶሮንቶ ስናርፍ ከፊታችን አንድ ሰው ሻንጣ ያወርዳል፣
አንድ... ሁለት... ሦስት።

መውጫው ላይ አንዲት ወጣት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተመርኩዛ፣
ቆማለች ስሜን በካርቶን ይዛ።
ናሆድ ሳይነግረን አዝዞ ኖሯል። ስንዱ አየችኝ። እኔ ካርቶኑን አየሁት፤
እንደማላውቀው ሰው ስም አለፍኩት።
ይኸው፣ አሁን ተናዘዝኩት።

ከዲ ሃያ እስከ ኢ ሰባ ሦስት፣ በካርታው አንዲት ጣት፤
በስንዱ ጉልበት ሲለካ ግን የሁዳዴን ያህል ርዝመት።
የሚሄደው ወለል አይሄድም፤ «ጥገና ላይ» ተብሎ ተለጥፎበት፤
ወጣቱ በግራ በቀኝ ያልፈናል፣ ድንጋይ እንዳገኘ ጅረት።

መሀል ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያዘገየሁን እኔው ነኝ፤
የሽማግሌ ፊኛ ሰዓት አያውቅም፤ ሽንት ቤት አስፈለገኝ።
ስወጣ ስንዱ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ሁለቱን ሻንጣ ታቅፋ፣
ትጠብቀኛለች፤ አንዲት ቃል አልወጣም ከአፏ።

ያኔ ጣሪያው ተናገረ፤
አነጋገሩ ቢጣመምም ስሜ ከሌላው ተለየ፤
እየጠሩኝ ነው ወይስ እየፈረዱብኝ? «ተሳፋሪ ዘገየ!
ተሳፋሪ ዘገየ!»

ደረስን። በሩ ተዘግቷል።
አውሮፕላኑ ከመስታወቱ ማዶ፣ እዚያው እንደቆመ ይታያል፤
ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው ገመድ ይጠቀልላል።
«እባክሽ» አልኳት።
ስክሪኗን አየች፣ ፊቴን አየች፣
«ሰዓት ነው» አለች።

ክፋት የለበትም ድምጿ፤ አውቀዋለሁ፤
ሃያ ሰባት ዓመት ተናግሬዋለሁ።
ያቺን ሴት አሰብኳት፣ በበረዶው ላይ ሩጫዋን፤
ማን ይሆን ያን ማታ እቤት የጠበቀው ወተቷን?

«ነገ ማታ ሌላ በረራ አለ፤ ወንበራችሁ ግን ለየብቻ ነው» ተባልን።
አግዳሚው ላይ አረፍን።
ስንዱ ጫማዋን አወለቀች፣ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች፤
ቁጣዋን ስጠብቅ፣ ሳንድዊቹን ለሁለት ገመሰች፤
«እናትህ ዘገየ ያለችህ፣ መዘግየትህ ቆጭቷት መሰለህ?» አለች፤
«መምጣትህ ገርሟት እኮ ነው።»

ሳንጨርሰው ያቺ ወጣት መጣች፣ ባዶ ወንበሯን እየገፋች፤
ለካ ስትፈልገን ቆይታለች፤ ካርቶኗን አልጣለች።
«ሚስተር ዘገየ?» አለች።
«እኔ ነኝ» አልኳት።

ስንዱ ተቀመጠች። እኔ በጎኗ፣ ወንበሩን ይዤ ተራመድኩ፣
በቀስታ፤ ባሕሩ የትም አይሄድም፤ ሰዓቴንም አላየሁ።
አንድ ጊዜ ብቻ አይቻለሁ።