የአባቴ ፊሌቶ

ደቻቱ ደርቋል፣ አሸዋው ይጨሳል፣
ሰው በየግቢው ቆሞ ብረት ይዳስሳል።
የኛ ሰፈር ተራ በሳምንት አንድ ሌሊት፣
እንቅልፍ የለም ያን ቀን፤ ጆሮ ነው ከመሬት።

መጀመሪያ ሳል ነው፣ ቧንቧው የሚስለው፣
የአሸዋ፣ የዝገት፣ የነፋስ ድምፅ ያለው።
ቆጣሪው ለነፋስ ይሽከረከራል፣
ገና ጠብ ሳይልልን ሒሳብ ይደምራል።
«የነፋሱን ከፍለን፣ ውሃው መቼ መጣ?»
ትላለች ፈቲያ፣ አንገቷ ባጥር ወጣ።

ባለፈው ግን እሷ ጋ ሲንዠቀዠቅ ሰምቼ
እኔ ጋ ዝም አለ። ቧንቧዬን ከፍቼ
እስኪነጋ ቆምኩኝ፣ ባልዲዬን ደግኜ፣
አንድ ጣሳ ሳልሞላ፣ እንቅልፌን አባክኜ።

ሙሜን አስጠራሁት። ቀፊራ ነው ሱቁ፣
ከቀትር በኋላ አይነሳም፣ ሐቁ።
በማለዳ መጣ፣ ሰጌቶ አንግቶ፣
ጥርሱ ያለቀ መፍቻ በጆንያ ከቶ።
ግድግዳውን መታ፣ ጆሮ አስጠጋና፣
«አቦ፣ ቧንቧ አይደለም፣ ድንጋይ ነው» አለና
ክንድ የሚያህል ቆርጦ እጄ ላይ ጣለልኝ።

ከበደኝ።

ነጭ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቀለበት በቀለበት፣
ኖራ በኖራ ላይ፣ በዓመት ላይ ዓመት፤
መሐሉ የቀረው የመርፌ ዓይን ያህላል፣
በዚያ ነው የጠጣን እስከ ዛሬ። «ይገርማል»
አልኩኝ። ሙሜ ሳቀ። «ምኑ ይገርማል፣ አቦ?
ድንጋይ ነው የሚፈስ ውሃውን ደርቦ።
ማንቆርቆሪያሽን እይ፣ ሻወርሽን እይ፣
ያገሬው ኩላሊት ከዚህ በምን ሊለይ?»

አባቴ ትዝ አለኝ፣ ሆስፒታል አልጋው ላይ፣
ያወጡለትን ጠጠር ለጠያቂ ሲያሳይ፣
በብልቃጥ አድርጎ እያንቀጫቀጨ፦
«ለምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት አገለገልኩኝ፣
ጡረታዬ ይቺ ናት» ብሎ ሲያሾፍብኝ።

እሱ ነው ይህን ቧንቧ የዘረጋው፣ ያጠጣ፣
ጋራዡ ውስጥ አስሮ ፊሌቶ እያወጣ፣
እሑድ አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ ሲቀል፣
እኔ ባትሪ ይዤ፣ እሱ ቃጫ ሲፈትል።
«በቀኝ ጠምጥሚው» ይል፣ «ቃጫን አትናቂው፤
በግራ ካዞርሽው ውሃ ነው ፈቺው።»
ቀለሙን ሲቀባ፣ ጣቱን ሱሪው ጠርጎ፣
እናቴ ስትቆጣ ይስቃል፣ ፊት ሸሽጎ።

ሙሜ ቆርጦ፣ ቆርጦ፣ ከጎሚቶው ደረሰ፤
መፍቻውን አስገባ፣ ጎትቶ መለሰ፣
በእግሩ ቆመበት፣ ተንጠለጠለበት፣
ዘይት አፈሰሰ፣ እሳት አሳየበት።

እምቢ።

ላቡን ጠረገና ቁጢጥ አለ አጠገቡ፦
«ማነው ይህን ያሰረ? ቃጫው እስከ ልቡ
ደርቆ ይዟል፣ አቦ፤ ብትጎትች አይለቅም።
አልነካውም እኔ፤ ይህን እጅ አልንቅም።»

ስሙን አልነገርኩትም። ለምን እንደሁ እንጃ።

ከአሮጌው ጎሚቶ ፕላስቲክ ቀጥሎ፣
ነጭ ቴፕ ጠምጥሞ፣ በቀኝ በኩል፣ ቶሎ፣
«በየስድስት ወሩ ማጣሪያሽን እጠቢ፣
ሮቶሽን ከፀሐይ በጆንያ ክበቢ» አለኝ።
ግማሹን ከፈልኩት። ቀሪውን «ሲመጣ» አለ፣
ውሃው ማለቱ ነው። ቁራጩን ሊወስድ ነበር፣
ለብረት ገዢዎቹ፤ «እሱን ተወው» አልኩት።
መስኮቴ ላይ አለ። ጉንዳን ይገባበታል፣
ሲወጣ አላየሁም።

ሐሙስ ሌሊት መጣ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ነው፤
ነፋስ ነው አስቀድሞ፣ ቀጥሎ ጭቃ ነው፣
ከዚያ እየጠራ፣ ባልዲዬን አስጮኸው።
«መጣ?» አለች ፈቲያ ከአጥሩ ወዲያ።
«መጣ!»

በጨለማ ሄጄ ጎሚቶውን ዳሰስኩ፣
ዙሪያውን፣ ከሥሩ፣ በጣቴ እየላስኩ።
ደረቅ።

የሙሜ አዲሱ ግን ጠብ፣ ጠብ ይላል ከታች።
ጣሳ ደገንኩለት።
እስኪነጋ ድረስ እሷ ስትቆጥር አደረች።